በቅሎዋ የምታውቃቸው ቤቶች

የታጨ ሰው ሁለት ሥራ አለበት፤ ፎቶ መነሳትና መብላት። ድሮ፣ አሉ፣ ሙሽራና ሙሽሪት የሚተያዩት የሠርጉ ዕለት ነበር። ታድለው! ዛሬ ከቀለበቱ እስከ ኒካሁ ባሉት ወራት ውስጥ ዘመድ የተባለ ቤት ሁሉ ይረገጣል፣ ወንዝ የተባለ ሁሉ ይወረዳል፣ ዛፍ የተባለ ሁሉ ተደግፈውት ፎቶ ይነሱበታል። እኔና ነጃት ሰርቦ ያሉ ዘመዶቿን ልንጠይቅ ሄደን በአንድ ቀን አራት ምሳ በልተናል። ከአራተኛው ምሳ በኋላ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ አቁመውኝ «ሩቅ ሩቁን ተመልከት» አሉኝ። ሩቅ ሩቁን ስመለከት የቅርቡ ድንጋይ ከዳኝ። ፎቶው አለ። ከወገቤ በላይ ሙሽራ፣ ከወገቤ በታች ጉማሬ ነኝ።

ሰርቦ ግን ቀላል ነበር። የሚያስፈራው አጋሮ ነው። አጋሮም የሚያስፈራው በከተማው ምክንያት አይደለም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡና መሃል በሚኖሩት በአባ ዋሪ ምክንያት ነው።

አባ ዋሪ የነጃት አጎት ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ ወሊይዋም እሳቸው ናቸው። ወሊይ ማለት፣ ለማታውቁት፣ በኒካህ ቀን ሙሽሪትን አሳልፎ የሚሰጠው ሰው ነው። እሱ «ሰጥቻለሁ» ካላለ አዳራሽ ብትከራይ፣ ሱፍ ብታሰፋ፣ በሬ ብትጥል፣ አንተ በደንብ የለበስክ እንግዳ ነህ እንጂ ሙሽራ አይደለህም።

ሽማግሌዎቻችን ሄደው ሲጠይቁ አባ ዋሪ «እሺ» ብለዋል። እሺ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ የተቆለፈ እሺ አለ፣ ገርበብ ያለ እሺም አለ። የሳቸው ገርበብ ያለው ነበር። «አባቱ ከስልጤ መጥቶ ጅማ የነገደ፣ ልጁ ደግሞ እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ሶፋ የሚሠራ ነው አላችሁኝ። መልካም ነው። ልጁን ግን አላየሁትም። ቅዳሜ ይምጣና ዙህርን አብረን እንስገድ። ከዚያ የመጨረሻውን እነግራችኋለሁ» አሉ። ዙህር የቀትሩ ሰላት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከጅማ ተነሳን። ሦስተኛዋ የነጃት ታላቅ እህት ፈቲያ ናት። ሳንጋባ ብቻችንን መሄድ ስለማይሆን በየሄድንበት ትከተለናለች። ባለትዳር ናት፣ ጨዋ ናት፣ አንድ ጉድለቷ ስልኳ ነው። ያየችውን ሁሉ ትቀርጽና እዚያው የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ትለቀዋለች። የወንዙንም ፎቶ የለቀቀችው እሷ ናት።

«የኔን የመጀመሪያውን ጠያቂ ታውቃለህ?» አለችኝ ሚኒባስ ውስጥ።

«አላውቅም።»

«አታውቀውማ። ዙህር ተብሎ ዓስር ላይ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ደረሰ። አባ ዋሪ ምሳ አበሉት፣ እጁን አስታጠቡት፣ ከዚያ 'ለሰላት የዘገየ ለሚስቱም ይዘገያል' ብለው ሸኙት። ሸኙት ስልህ ሸኙት ነው።»

ነጃት በመስኮት እያየች ዝም አለች። እሷ ስትፈራ ትቀልዳለች፤ በጣም ስትፈራ ነው ዝም የምትለው። ያኔ እኔም ፈራሁ።

አጋሮ ደርሰን በባጃጅ መንገዱ እስኪያልቅ ሄድን። መንገዱ የሚያልቀው አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እዚያ ኮርቻዋ የተወለወለ፣ ግላሷ በቀይ ክር የተጠለፈ አንዲት ዳለቻ በቅሎ ታስራለች። ስሟም በቀለሟ ዳለቻ ነው።

«አባ ዋሪ ናቸው ለሙሽራው የላኳት» አሉ ባለ ሻይ ቤቱ።

ነጃት ክንዴን ያዘችኝ። «የራሳቸውን በቅሎ! ለማንም ልከው አያውቁም እኮ!»

እኔ ደግሞ በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም። «በእግሬ ልሂድ» ማለት እንደማይቻል ግን ገባኝ። ሰው የራሱን በቅሎ ጭኖ ሲልክልህ አልጋውን እንደለቀቀልህ ነው፤ «ግዴለም መሬት ይመቸኛል» አይባልም። ግራ እግሬን እርካብ ውስጥ ከትቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተወረወርኩና በወዲያኛው በኩል ወረድኩ። በሁለተኛው ሙከራ ባለ ሻይ ቤቱና ሁለት ደንበኞቻቸው ከፍ አድርገው እንደ ቡና ከረጢት ጫኑኝ። ፈቲያ ቀረጸች።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መቀመጫ እንዲመቸው ስለፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስፖንጅ አውቃለሁ፣ ስፕሪንግ አውቃለሁ። ኮርቻን የፈለሰፈው ሰው ከሰው መቀመጫ ጋር የግል ጠብ እንደነበረው በሙያዬ እመሰክራለሁ። ቢሆንም ገና ረፋድ ነበር፣ መንገዱ በእግር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ የቡናው ጥላ ደስ ይላል፣ ነጃት ከጎኔ እየሄደች ሽቅብ እያየችኝ ትስቃለች። ለጥቂት ጊዜ ራሴን የጅማ ባላባት አድርጌው ነበር።

ባላባትነቴ የቆየው እስከ መጀመሪያው ቤት ነው። ዳለቻ አንድ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ሂጂ» አልኳት። ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ከቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ወጡ፤ በቅሎዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ነጃትን አዩና እልል አሉ።

«ኮቱ! ና ውረድ! የነጃት ሙሽራ ነው? ያ ረቢ! ግባ ልጄ!»

«እማማ፣ አባ ዋሪ እየጠበቁን ነው፣ ዙህር—»

«ዙህር የት ይሄዳል? ደጄ ድረስ መጥተህ አፍህ ሳይረጥብ?»

ገንፎ መጣ። መሃሉ ላይ ያለው የቅቤ ጉድጓድ ሰርቦ ከወደቅኩበት ወንዝ ብዙም አያንስም። በላሁ። ሲጭኑኝ ደግሞ ከበፊቱ ከብጄ ነበር።

ሁለት አጥር አለፍ ብለን ዳለቻ እንደገና ቆመች። ያኔ ነጃት ግንባሯን መታች። «ወላሂ ረስቼው! አባ ዋሪ የሚቆሙበት ሁሉ ትቆማለች እኮ! እሳቸው ደግሞ ሰላም ሳይሉ የሚያልፉት ቤት የለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ልጓሟን ሳብ አድርገህ ምራት።»

ሳብኩ። እሷም ሳበች። አሸነፈች። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። የኛዋም የተማመነችው በአጎት ነው፤ በነጃት አጎት። ወርጄ በእግሬ እንዳልሄድ፣ አባ ዋሪ በቅሎዋን የላኩለት ሙሽራ በቅሎዋን እየጎተተ ደረሰ መባሉ ነው። እዚያም ቤት እርጎ ጠጣሁ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ደረስን። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሁለት ጎረቤታሞችን ያስታርቃሉ። ነገሩ የንብ ነው። የአንደኛው ንብ ከቀፎው ወጥቶ የሌላው ቀፎ ውስጥ ገብቷል፤ ማሩ የማን ነው? ጉዳዩ ያለ አባ ዋሪ አላልቅ ብሎ ኖሯል፣ ዳለቻ ስትመጣ ሁሉም ተነሱ። ከላይዋ የተገኘሁት እኔ ብሆንም «ላኪውን ያከበረ መልእክተኛውን ያከብራል» ብለው በአባ ዋሪ ቦታ አስቀመጡኝ። ድንጋይ ነው፤ ከኮርቻው ይሻላል።

«እስቲ አንተም ሐሳብ ስጥ» አሉኝ አንዱ።

የኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው። ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ነገር አያስታርቅም። ዓይኔ ግን ሰማይ ላይ ነበር፤ ፀሐይ አናታችን ላይ ልትደርስ ነው። ቶሎ ልገላገል ብዬ በአማርኛ «ንቦቹ ራሳቸው ጎረቤት ናቸው ብለው አይደል የገቡት? እነሱ ያልተጣሉትን እናንተ ምን አጣላችሁ?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ፈነዱ። «ማሻአላህ! ይሄ ልጅ ጭንቅላት አለው!» ማሩን እኩል ተካፈሉ፣ ባለቀፎዎቹ ተጨባበጡ፣ ከማሩም ለኔ በሳህን ቀረበ። እኔ ቸኩዬ የተናገርኩት ሁሉ ብልህነት ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የቆመችው ለቅሶ ቤት ነው። አባ ዋሪ ሰሞኑን በየቀኑ እየሄዱ ይቀመጡ ነበርና እሷም ሰዓቷን አክብራ አደረሰችኝ። ስወርድ እግሮቼ እምቢ አሉ፤ ከጭኔ በታች ያለው ሁሉ ተልጧል። እየተንገዳገድኩ፣ ከሕመሙ የተነሳ እንባዬ እየወረደ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ሟቹን አላውቃቸውም፣ አላህ ይማራቸው። ለቀስተኛው ግን እኔን ሲያይ እንደ አዲስ አለቀሰ።

«ምን ዓይነት አንጀት ያለው ልጅ ነው!» አለች አንዷ ለነጃት። «ዘመዱ ላልሆነ ሰው እንዲህ ከሆነ ላንቺማ እንዴት ይሆን!»

ነጃት ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። ሰው ያለቀሰች መሰለው። እኔ ግን አውቃታለሁ፣ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነው። ወዲያው ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ዙህር ነው። ትከሻዋ ቀጥ አለ። ሁለታችንም የፈቲያን ጠያቂ አስታወስነው።

ዙህርን ከለቀስተኛው ጋር ሰገድኩ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ላይ ሳለሁ የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ «ያ አላህ፣ ይህቺ በቅሎ ከዚህ በኋላ የምታውቀው ሰው አይኑር።»

ለቅሶ ቤቱ ብዙ ተቀምጠን ከወጣን በኋላ ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ በታች ወንዙን ተከትሎ ይዞራል፣ አንዱ በላይ በቡናው መሃል ይቆርጣል። «በታች!» አለች ነጃት። ዳለቻ በላይ ገባች። «በታች ነው የምልህ! በታች!» ድምጿ የቀልድ አልነበረም። ልጓሙን በሁለት እጄ ጎተትኩ። ዳለቻ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሶምሶማ ረገጠች፤ እኔም የኮርቻውን ጫፍ አቅፌ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳዬን ማለት ያዝኩ። አንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ስትደርስ በራሷ ጊዜ ቆመች።

ነጃት እያለከለከች ደረሰች። «የአዳዳ ዘሃራ ቤት ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው። «ከአባ ዋሪ ጋር ተኳርፈዋል። በሁለቱ ቡና መካከል የነበረውን የጥላ ዛፍ አባ ዋሪ ሳይነግሯት ቆረጡት። ፀሐይ ገባና የሷን ቡና አደረቀው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እሳቸው እንኳ በዚህ በር ላለማለፍ በታች ነው የሚዞሩት። እኛም እንዳንመጣ ተከልክለናል። ለሠርጉም አልተጠራችም። እዚህ መቆማችንን ከሰሙ አለቀልን!»

ከተማ ለሚኖር ሰው ይሄ የዛፍ ጠብ ነው። ቡና ላላቸው ሰዎች ግን የጥላ ዛፍ መቁረጥ የሰው ቤት ጣራ ማንሳት ነው።

ልዞር ስታገል በሩ ተከፈተ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ሻሻቸው ከራሳቸው ላይ ተንሸራቶ፣ አንድ ጉልበታቸው እያነከሰ፣ በሩጫ ወጡ። ዓይናቸው በቅሎዋ ላይ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ሠርግ ላይም አላየሁም። ከዚያ ቀና ብለው ኮርቻው ላይ ያለሁትን እኔን አዩ።

«እሱ መስሎኝ» አሉ።

ያን ቀን ብዙ አፍሬያለሁ። አባ ዋሪ ባለመሆኔ ግን እንደዚያ ሰዓት ያፈርኩበት የለም።

አዳዳ ወዲያው ራሳቸውን ሰበሰቡ። ነጃትን አቅፈው ጠረኗን ሳቡ፣ ፈቲያን አቀፉ። ብሉ ብለው አላስገደዱንም። ወደ ውስጥ ገብተው ጨው በመዳፋቸው ይዘው ወጡና ለዳለቻ አላሷት። «ድሮም ለዚህ ነው የምትቆመው» አሉኝ። «እኔን ብላ መስሎህ ነው?»

ስንነሳ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እዚህ መምጣታችሁን ለወንድሜ አትንገሩት። የልጅቷን ነገር በኔ ምክንያት እንዳያከብድባችሁ። እኔ ከዚሁ ሆኜ ዱዓ አደርጋለሁ።»

ፈቲያ ስልኳን አላወጣችም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

አባ ዋሪ ዘንድ የደረስነው ዓስር ሊቃረብ ሲል ነው። በረንዳቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው። ሰላምታዬን በአጭሩ መለሱ።

«ዙህር ነበር ያልኩት።»

«አዎ አባ ዋሪ። ይቅርታ። በቅሎዋ—»

«ቆይ» አሉና ባለቤታቸውን ጠሩ። ባለቤታቸው ስልክ ይዘው መጡ። የቤተሰቡ ግሩፕ ነው። ገንፎ ስበላ አለሁ፣ እርጎ ስጠጣ አለሁ፣ ዋርካው ሥር አለሁ፣ ለቅሶ ቤት እንባዬ ሲወርድ አለሁ። አባ ዋሪ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ሰው በዚህ ዘመን መኪናውን እያስጮኸ ነው የሚያልፈው» አሉ። «አንተ ግን ቤት አልዘለልክም። ሽማግሌ አከበርክ፣ ሐዘን ቤት ተቀመጥክ፣ ሰላትህንም እዚያው ሰገድክ። ይሄ መዘግየት አይደለም። አባትህ አስተምሮሃል።»

ነጃት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ዝም በል» የሚል ዓይን ነው። ዝም አልኩ። የበቅሎ ሥራ በኔ ስም ሲጻፍ ዝም ማለት ከባድ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ቀላል ነው።

አባ ዋሪ «እንግዲህ» ብለው ተነሱ፤ እሺታውን ሊቆልፉት ነው። በመሃል ግን ዳለቻን ሊያሻሹ ጠጋ አሉና እጃቸው አፏ ላይ ቆመ። ከንፈሯ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አለ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

«ጨው ማን ሰጣት?»

ነጃትና ፈቲያ ተያዩ። በዚያ አገር ለዳለቻ ጨው የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

«የማን ቤት ነው የገባችሁት?» አሉ፣ አሁን እኔን እያዩ።

ነጃት ዓይኗን ጨፈነች። መዋሸት ነበረብኝ፤ ኒካሁ ከአፌ ላይ ተንጠልጥሏል። ግን የአዳዳ ፊት ከዓይኔ አልወጣም። «አዳዳ ዘሃራ ቤት» አልኩ። «እኔ አልመራኋትም፣ አባ ዋሪ። ያን ሁሉ ቤትም እኔ አይደለሁም የመረጥኩት፣ በቅሎዋ ናት። አዳዳ እንዳንነግርዎት ለምነውን ነበር። ግን... በቅሎዋን ሲያዩ እርስዎ መስለዋቸው ሮጠው ወጡ። ሻሻቸው ወድቆ።»

«ሮጣ?»

«ሮጠው።»

«ጉልበቷን ያማታል እኮ።»

«አዎ፣ ያነክሳሉ። ግን ሮጡ።»

አባ ዋሪ ጀርባቸውን ሰጡን። ፈቲያ እጄን ቆነጠጠችኝ፤ የመጨረሻው ሽኝት እንዲህ ነው የሚጀምረው ማለቷ ነው። እኔም በልቤ የጊንጆን መንገድ ጀመርኩ። ነጃት ማልቀስ ጀመረች፤ ይሄኛው የውነት ነበር። 

«ውጣ» አሉኝ አባ ዋሪ።

«ከ... ከቤቱ?»

«በቅሎዋ ላይ! ውጣ። እኔ ላይዋ ስሆን በዚያ በኩል አትሄድም፣ ልማዷን አስለቅቄያታለሁ። ካንተ ጋር ግን ትሄዳለች።»

«አባ ዋሪ፣ እርስዎ በእግር እየሄዱ እኔ በበቅሎ? ሰው ምን ይላል?»

«የሰውን ተወውና ውጣ!»

ጫኑኝ። ነጃትና ፈቲያ ከኋላ፣ እኔ ተልጬ ኮርቻ ላይ፣ አጋሮ ሙሉ የሚፈራቸው ሰውዬ ደግሞ ልጓም ይዘው ከፊት በእግራቸው። በየደጃፉ ሰው ወጥቶ አፉን ይዞ አየን። ዳለቻ ግን ያን ሰዓት የትም አልቆመችም።

ቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ አባ ዋሪን ፈለግኋቸው። ከበቅሎዋ ጀርባ ተሸሽገዋል።

«አንተ ጥራት» አሉኝ።

«አዳዳ!» ብዬ ተጣራሁ።

አዳዳ ጨው በመዳፋቸው ይዘው ወጡ። «ምነው ተመለስክ ልጄ፣ አጠፋህ እንዴ?» እያሉ ሲጠጉ፣ ከዳለቻ አንገት በላይ የቀላ ፂም አዩ። ቆሙ። 

«ዘሃራ» አሉ አባ ዋሪ በመጨረሻ።  «ልጅቷን ልድራት ነው። ብቻዬን አልችልም።»

«ብቻህን ዛፍ መቁረጥ ችለህ የለ!» አሉ አዳዳ። ከዚያ የወንድማቸውን ክንድ ያዙ። «ግባ። ምን ትገተራለህ፣ ግባ!»

ተቃቅፈው ገቡ። ነጃትና ፈቲያም እያለቀሱ ተከተሏቸው። እኔን ከበቅሎዋ ማውረድ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። በራሴ መውረድ ስለማልችል እዚያው ኮርቻው ላይ ሆኜ፣ የዳለቻን አንገት አቅፌ አለቀስኩ።